በጥጥ የተለካ ዘር

ኮንሌት ጋራቫን የጋራቫን ጎሳ አለቃ ከመሆኑ በፊት ደብሊን ከተማ ጥርስ ሲነቅል ነው ዕድሜውን የፈጀው። ዲሊያ ጋራቫን ይህን ስለምታውቅ አንድም ቀን አለቃ ብላ ጠርታው አታውቅም። ፊት ለፊት «ዶክተር» ትለዋለች፣ ዞር ሲል «ጥርስ ነቃዩ»። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ጎልፍ ይለምዳል፣ ወይ ስፔን ወርዶ ፀሐይ ይሞቃል። እሱ ግን ዘሩን ፍለጋ ተነሣ፣ አገኘሁት አለ፣ ከዚያ ወዲህ ደሪናሞር የምትባለው የሜዮ አውራጃ መንደር ሰላም የላትም።

በየሁለት ዓመቱ ሐምሌ ላይ ጎሳው ይሰበሰባል። ከአሜሪካ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከእንግሊዝ፣ ጋራቫን የሚባል ሁሉ እየተጠራራ ይመጣል። አረንጓዴ ሹራብ ይለብሳሉ፣ ዝናብ ላይ ቆመው ያለቅሳሉ፣ ያገኙትን የመቃብር ድንጋይ ሁሉ አቅፈው ፎቶ ይነሣሉ። ባለፈው ጊዜ አንድ የኦሃዮ ሰው ተንበርክኮ የሳመው ድንጋይ የባለርስቱ ግብር ሰብሳቢ መቃብር ነበር፤ ጋራቫኖችን ከየቤታቸው እያስወጣ ጣሪያቸውን ያስፈረሰው የዚያ ሰውዬ። ዲሊያ አጠገቡ ነበረች። ዝም አለች፣ ደስ ብሏት ነው ዝም ያለችው።

አለቃው ራሱ ቢጫ ካባ ደርቦ፣ ነጭ በትር ይዞ፣ መስኩ ላይ በቆመ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ እጁን ጭኖ ይምላል። የጥንት አለቆቻችን የተሾሙበት ድንጋይ ነው ይላል። ድንጋዩን የተከለው የዲሊያ ወንድም ፌስተስ ነው። ላሞቹ እየታከኩ አጥሩን ስለጣሉበት፣ መታከኪያ ይሁናቸው ብሎ በትራክተር ጎትቶ አቆመው። መሐላው በተደረገ ቁጥር ፌስተስ ከአጥሩ ኋላ ተደብቆ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር፤ በኋላ ልቡ ደከመና ሐኪሙ መሳቅ ቀንስ አለው።

የመቃብሩ ነገር ባይመጣ ኖሮ ይህ ሁሉ ለዲሊያ መሳቂያ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ከመንደሩ ጫፍ ጣሪያው የፈረሰ አሮጌ ገዳም አለ። በውስጡ በድንጋይ የታጠረ የጋራቫኖች መቃብር አለ፤ የዲሊያ አባትና እናት፣ አያቶቿ ፓችና ኦኖራ እዚያ ናቸው። ከእናቷ አጠገብ ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ቀርቷል፣ ለፌስተስና ለእሷ። የጎሳው ማኅበር ገንዘብ አዋጣና የተናደውን ካብ ጠገነ፣ የብረት በር አቆመ፣ በሩ ላይ ቁልፍ አደረገ። ከዚያ ቦታው እየጠበበ ስለሆነ በዲኤንኤ ተመርምሮ የጋራቫን ደም መሆኑ ካልተረጋገጠ ማንም እዚህ አይቀበርም የሚል ደንብ አወጣ። ቁልፉ ጥርስ ነቃዩ ኪስ ገባ። የሞቱት መናገር ቢችሉ ምን ይሉ ነበር፣ እግዜር ይወቀው።

ፌስተስ በሕይወቱ ማንንም ምንም ለምኖ የማያውቅ ሰው ነው። ሐኪሙ ገናን አያይም ባለ ሰሞን ግን እህቱን አንድ ነገር ለመናት። «ከእማዬ አጠገብ» አላት። ዲሊያ «የት ሌላ ልትሄድ ነበር?» ብላ ተቆጣችው፣ ከዚያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ሚያዝያ ላይ ጥርስ ነቃዩ ራሱ መጣ። በእጁ በላስቲክ የታሸገ ትንሽ ሣጥን ይዟል። ፌስተስ ምድጃው አጠገብ በተነጠፈለት አልጋ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል።

«እትዬ ዲሊያ፣ እንደምን ከረሙ? ዛሬ ለታሪካችን ትልቅ ቀን ነው» አለ ኮንሌት።

«ጫማዎን ይጥረጉ» አለች ዲሊያ።

ጫማውን ጠረገ። ከዚያ ያልተጠየቀውን ሁሉ ያስረዳ ጀመር። በጥጥ የጉንጭን ውስጥ ማበስ ብቻ ነው፤ አያምም። ምርመራው የሚያየው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደውን ነው፤ አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ፣ እስከ ጥንቱ አባታችን ድረስ። «ሴት አትይዘውም፤ ስለዚህ የእርስዎ አይጠቅመንም» አለ።

«ሴት የምትይዘው ሌላ ብዙ አላት» አለች ዲሊያ።

«እርግጥ ነው፣ እርግጥ ነው። አሁን የሚያስፈልገን መለኪያ ነው። ሁላችንም ተበትነናል፤ ይህ ቤት ግን ከመሬቱ ሳይነቃነቅ የቆየ ብቸኛው የጋራቫን ቤት ነው። ኮሚቴው ወስኗል። የወንድምዎ ውጤት መለኪያችን ይሆናል። ከእሱ ጋር የገጠመ ጋራቫን ነው፤ ያልገጠመ...» ብሎ እጁን ዘረጋ፣ ያልገጠመው ሰው መንገዱ ላይ የቀረ ይመስል።

ዲሊያ ፌስተስን አየችው። ፌስተስም አያት። ሁለቱም የሚያውቁት ነገር ነበር።

አያታቸው ኦኖራ በተወለደችበት ዘመን በዚህ ቤት ወንድ ልጅ አልነበረም፤ ኦኖራና ታናሽ እህቷ ሳቢና ብቻ። መሬት ያለ ወንድ አይታረስም ተብሎ ከተራራው ማዶ ፓች ሎፍተስ የሚባል ጎረምሳ መጣና ኦኖራን አግብቶ ገባ። ይዞ የመጣው አንድ ሻንጣና አንድ ውሻ ነው። በዚያ አገር ስም ከቤት ጋር ነው የሚሄደው። ቤት የገባን ወንድ ጎረቤት በቤቱ ስም ይጠራዋል፣ አስተማሪው ልጆቹን በቤቱ ስም ይመዘግባል፣ ቄሱም በዚያው ያጠምቃል፤ በአንድ ትውልድ የጥንት ስሙ ደብዛው ይጠፋል። ስለዚህ ፌስተስ ጉንጭ ውስጥ ያለው፣ ከአባት ወደ ልጅ የወረደው ነገር፣ የጋራቫን ሳይሆን የሎፍተስ ነው። ይህን በደሪናሞር ያለ ሽማግሌ ሁሉ ያውቃል። ጥርስ ነቃዩ ግን ሽማግሌ አይጠይቅም፤ የተማረ ሰው ነው፣ ደብሊን ተቀምጦ መዝገብ ያነብባል።

መለኪያው ራሱ ፌስተስ ከሆነ ፌስተስን ማን ከመቃብሩ ይከለክላል? ዲሊያ ይህን ለማሰብ ጊዜ አልፈጀባትም።

«አፍህን ክፈት» አለችው ወንድሟን።

«መንቀል ነው ማበስ?» አለ ፌስተስ።

ኮንሌት ሳቀ። ጥጡን ከማስገባቱ በፊት፣ ልማድ ነውና፣ ጥርሱን አየት አድርጎ አዘነለት። አብሶ ሲጨርስ ጥጡን እንደ ቅዱስ ቁርባን በሁለት እጁ ይዞ ሣጥኑ ውስጥ አኖረው።

«እኔም እኮ የዚህ ቤት ሰው ነኝ» አለ ሲነሣ። «አያቴ ሳቢና እዚህ ነው የተወለደችው። ሊቨርፑል ሄዳ እዚያ የነበረ የሩቅ ዘመዷን አገባች፤ እሱም ጋራቫን ነው። አባቴን ወለደች። ስለዚህ እኔ በሁለቱም በኩል ጋራቫን ነኝ።»

«ሳቢና ቦስተን ነው የሄደችው» አለች ዲሊያ።

«ሊቨርፑል፣ እትዬ።»

«ቦስተን። ሄዳም ድምጿ አልተሰማም። በዚህ ቤት ስናድግ የተነገረን ይኸው ነው።»

ኮንሌት ለሕፃን እንደሚያዝን ሰው ፈገግ አለላትና ወጣ። መኪናው ከዓይን እስኪሰወር ዲሊያ በመስኮት ቆማ ተመለከተችው። ሰው ሲንቃት ደሟ ይፈላል፤ እሷ የምትንቀው ሰው ሲንቃት ደግሞ ይብሳል።

ፌስተስ እስኪያስለው ሳቀ። «ሎፍተስን ሊያነግሡት ነው እቴ» አለ። «ፓች ይህን ቢሰማ።»

«ተው አትሳቅ፣ ትሞትብኛለህ።»

«መሞቴ አይቀርም። ግን አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። አስቀድመሽ ቅበሪኝ። ከዚያ አዳራሹ ጢም ብሎ ሲሞላ፣ እሱ ካባውን ለብሶ ሲቆም፣ ተነሽና የማን ልጅ እንደሆንኩ ንገሪያቸው።»

«እነግራቸዋለሁ» አለች ዲሊያ። ከወር ወር ስታስታምመው፣ ሌሊት ስትነሣለት፣ ልብሱን ስታጥብለት፣ ያንን ቀን እያሰበች ነበር የምትበረታው። የምትለውን ሁሉ ላሞቹን እያለበች አጠናችው። የኦሃዮው ሰው ፊት ምን እንደሚመስል፣ ቢጫው ካባ እንዴት እንደሚሟሽሽ፣ ሁሉ ይታያት ነበር።

ፌስተስ በሐምሌው ስብሰባ መክፈቻ ዕለት፣ ቅዳሜ ጠዋት ሞተ። ውጭ በመኪና ላይ ከተሰቀለ ድምፅ ማጉያ የጎሳው ሙዚቃ ይሰማል። ዲሊያ ዓይኑን ከደነችለት፣ እንደ አገሩ ልማድ የግድግዳውን ሰዓት አቆመች፣ ከዚያ ጎረቤቷን ማላኪ ሩአንን ጠራችው።

ማላኪ በዚያ ሰበካ መቃብር የሚቆፍሩትን ጎረቤቶች የሚመራ ሰው ነው። ከፌስተስ ጋር አብረው ተማሩ፣ አብረው ጠጡ፣ አብረው አላገቡም። ሬሳው እግር አጠገብ ቆሞ ቆቡን በእጁ ሲያሽከረክር ቆየና «ቀብሩ ማክሰኞ ነው» አለ። «ሰኞ መቃብር መክፈት ገደቢስ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የመጀመሪያው አፈር እሑድ መነሣት አለበት። የበሩ ቁልፍ ደግሞ እዚያ ሰውዬ ጋ ነው።»

«ይመጣል» አለች ዲሊያ። «ሬሳ ባለበት ንግግር አያጣም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። ሴቶቹ ዳቦ በሥጋ ይቆርጣሉ፣ ሻይ ይቀዳሉ፤ ወንዶቹ ግድግዳ ተደግፈው ስለ ድርቆሽ ያወራሉ። ኮንሌት ካባውን ክንዱ ላይ አጥፎ ገባ። የፌስተስን እጅ ነካ አድርጎ በጥድፊያ አማተበ፣ ከዚያ ወጥ ቤት ድረስ ዲሊያን ተከትሎ መጣ።

«እትዬ ዲሊያ፣ በዚህ ሰዓት መናገሩ ተገቢ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ። ተገቢ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ግን ወረቀቱን ከኪሱ አያወጣም። አወጣው። «ውጤቱ ደረሰ። ዛሬ ጠዋት ለጉባኤው አሳውቄያለሁ። የተለቀሰው ለቅሶ አይነገርም።»

«ማን ሞተ?» አለች ዲሊያ።

«እንደ መሞት ነው። የተመረመሩት ጋራቫኖች እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ፤ ከወንድምዎ ጋር ግን አይገጥሙም። ስሙን ያዙ እንጂ ደሙን አልያዙም። ከየት እንደገቡ እንጃ። በደንባችን መሠረት መቃብሩ ውስጥ መብት የላቸውም።»

ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረው ማላኪ ሻይ ትን አለው። ዲሊያም ከንፈሯን ነከሰች። እውነተኞቹን ጋራቫኖች አንድ ሳያስቀር ከጋራቫንነት አስወጥቷቸዋል፤ ፌስተስ ይህን ሳያይ መሞቱ ቆጫት። በራዱን አንሥታ ሻይ ልትቀዳለት ጎንበስ አለች፣ ሳቋን ለመደበቅ።

«ሁሉም ናቸው?» አለች።

«ከአንድ ሰው በቀር።»

«እሱ ማነው?»

ኮንሌት ደረቱን ነፋ። «እኔ» አለ። «ከወንድምዎ ጋር ልክ ልክ ነኝ። እንዲያውም ላቦራቶሪው አንድ አያት የሚጋሩ ይመስላሉ ነው ያለው። እኔ የሚገባኝ ምንድነው፣ ደማችን ከመጥራቱ የተነሣ የሩቁ እንደ ቅርብ ይታያል።»

ዲሊያ መቅዳቷን ቀጠለች። ሻዩ ከሲኒው ሞልቶ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ፣ ከማስቀመጫው ጠረጴዛው ላይ ወረደ። ማላኪ ተነሥቶ በራዱን ከእጇ ወሰደው።

«ሐዘን ነው» አለ ኮንሌት በአዘኔታ። ቁልፉን አውጥቶ ለማላኪ ሰጠው። «ከፍተህ አፈሩን አንሣ፣ ስትጨርስ መልስልኝ። ለመለኪያችን ያልተከፈተ ለማን ይከፈታል?»

ማላኪ ሲወጣ ለዲሊያ ጠቀሳት። «አለቃ ሎፍተስ» አለ በሹክሹክታ። እሷ መሳቅ አልቻለችም። ማላኪ ግማሹን ብቻ ነው ያየው፤ ጥርስ ነቃዩ በአጋጣሚ የገጠመ ሞኝ መስሎታል።

ወደ ፌስተስ ክፍል ገብታ በሩን ገፋ አደረገችና ወንበር ላይ ተቀመጠች። ነገሩ ቀላል ነበር፣ ከቀላልም ቀላል። ጥጡ የሚያየው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደውን ነው። ፌስተስ የያዘው የፓችን ነው። ይህ ሰውዬ የፌስተስን ከያዘ የያዘው የፓችን ነው። አያቱ ሳቢና ናት። ሊቨርፑል ያገባችው የሩቅ ዘመድ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ልጁን በራሷ ስም ነው ያስመዘገበችው፤ ጥርስ ነቃዩ መዝገቡ ላይ ጋራቫን የሚል ሲያይ አባት መሰለው። የተማረ ሰው ነዋ።

ሳቢና ኦኖራን በአራስነቷ ለመርዳት እዚሁ ቤት ነበረች። የዲሊያ አባት ጨቅላ ነበር። ሳቢና ያኔ ልጃገረድ ናት፣ አሥራ ሰባት ቢሆናት ነው። በዚያው ዓመት ቦስተን ሄደች ተባለ።

ፓች ደግሞ እጇን ይዞ ያሳደጋት አያቷ ነው። የበግ ጠቦት በጉያው ይዞ የሚያሞቅ፣ በየምሽቱ መቁጠሪያውን ይዞ ቤተሰቡን የሚያስጸልይ ሰው። የሳቢና ስም ሲነሣ ቆቡን አድርጎ ወደ ከብቶቹ ይወጣ ነበር። «አዝኖ ነው» ትላቸው ነበር ኦኖራ ለልጆቹ። ኦኖራ ይህን ስትል ዓይኗን ከመርፌዋ አታነሣም ነበር። ዲሊያ ያንን ጎንበስ ያለ ራስ አሁን አስታወሰችው። ታውቅ ነበር። አውቃ ነው የምትሰፋው።

«ያ ሽማግሌ ውሻ» አለች ለፌስተስ። «በመቁጠሪያው እኮ ነው የሸወደን።» ፌስተስ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ተኝቷል፤ የእሱም ጣቶች ላይ መቁጠሪያ ተጠምጥሟል። የፓች መቁጠሪያ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ራሷ ናት የጠመጠመችለት። ፈትታ ኪሷ ከተተችው።

ማክሰኞ ዝናብ ጣለ። በዚያ አገር የሬሳ ሣጥን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ መጀመሪያ የሚሸከሙት የሟቹን ስም የያዙ ቅርብ ወንዶች ናቸው። ፌስተስ ወንድም የለው፣ ልጅ የለው። ማላኪ በአረንጓዴ ሹራቦቹ መካከል ዓይኑን አንከራተተ፤ ሁሉም በአዲሱ ደንብ ባዕድ ሆነው ራሳቸውን አቀርቅረዋል። የኦሃዮው ሰው ዓይኑ አብጧል። ደሙ ንጹሕ ጋራቫን የሆነ ሰው፣ ጋራቫን አይደለህም ተብሎ።

«ራስጌውን ማን ይያዝ?» አለ ማላኪ።

«ዶክተሩ» አለች ዲሊያ። «ካባውን ግን ያውልቅ።»

ኮንሌት ካባውን አወለቀ። ሌሎቹን ሦስት ማላኪ ከጎረቤት መረጠ። ዲሊያ ከኋላ እየሄደች የጥርስ ነቃዩን ጀርባ አየች። ካባ ሲለብስ አይታይም ነበር። በዝናብ በረጠበ ሸሚዝ ግን ይታያል። ግራ ትከሻው ወረድ ያለ ነው፣ ግራ እግሩ ወደ ውጭ ይጥላል። ልጅ ሆና ከፓች ኋላ ወደ ላሞቹ ስትሄድ ያየችው ጀርባ ነው፣ ቁርጥ እሱ። ጥጥም አያስፈልግም ነበር።

ፌስተስ ከእናቱ አጠገብ ገባ። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሰዉ ወደ አዳራሹ ለምሳ ተበተነ። ዲሊያ ማላኪን በሩ ውጭ ጠብቀኝ አለችውና ኮንሌትን አስቀረችው።

«ሳቢና ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» አለችው።

አልጠበቀውም። ሲናገር የአለቃ ድምፁ ጠፍቶበት ነበር። «እሷ ናት ያሳደገችኝ ማለት ይቻላል» አለ። «የሆስፒታል ልብስ ታጥብ ነበር። እጇ ሁልጊዜ የተላጠ ነበር። እዚህ ስላለው ምንጭ፣ ስለ ድርቆሹ ታወራልኝ ነበር። ባሏን በጭራሽ አታነሣም፤ ቶሎ ስለሞተባት ይመስለኛል። አባቴ ትንሽ እያለ አንድ ጊዜ ይዛው መጥታ ነበር፣ እዚህ ደሪናሞር።»

«መጥታ ነበር?»

«እስከ በሩ ድረስ። ቤት የነበረው አንድ ሠራተኛ ይሁን ማን እንጃ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ ወጣ፣ መሬት መሬት እያየ ቆመ፣ ቃል ሳይተነፍስ በሩን ዘጋባቸው። አባቴ እስኪሞት ይህን ያወራ ነበር። እኔም እኮ እዚህ የመጣሁት አባቴ የተዘጋበትን በር ልከፍት ብዬ ነው፤ ሞኝነት ሊመስልዎ ይችላል።»

ዲሊያ ሞኝነት አልመሰላትም። ያዘጋጀችው ንግግር አፏ ላይ ነበር፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ፊቱ እንዴት እንደሚፈርስ አየችው። ከዚያ የፓች ስም የተቀረጸበትን ድንጋይ አየች፤ «የተወደደ ባልና አባት» ይላል። ያንን ሰው ሳቢና ፊት በሩን ሲዘጋ አየችው፣ ኦኖራን ከመስኮቱ ኋላ አየቻት፣ ራሷን ደግሞ ሚያዝያ ላይ «ጫማዎን ይጥረጉ» ስትል ሰማች። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስትንቅ የኖረችው በማን ተመክታ እንደሆነ ገባት። አፈረች። ማፈር ስለማትወድ ተናደደች።

«ስማ» አለችው። እርስዎ ማለቱን ትታዋለች። «ከፌስተስ አጠገብ አንድ ቦታ አለ። የእኔ ነው። ለአንተ ሰጥቼሃለሁ። ሳቢና አጽሟ ከሊቨርፑል የሚመጣ ከሆነም አብራህ ትግባ፣ ስሟም ይጻፍ።»

«እርስዎስ የት ሊቀበሩ?» አለ ኮንሌት።

«አዲሱ መቃብር ቦታ ሞልቷል።»

«እናትዎ እኮ እዚህ ናቸው።»

«እናቴ ፌስተስ አለላት» አለች። «እኔ ከፓች ጋር አልተኛም። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። ዋጋው ደግሞ ቁልፉ ነው። አምጣው። ለማላኪ ይሰጣል፣ ደንቡም ዛሬ ይሻራል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የምታስለቅሳቸው ሰዎች ከፈለጉ እዚህ ይቀበሩ። ከእንግዲህ አፍ ውስጥ በገባ ጥጥ ሰው ከመቃብር አይባረርም።»

ቁልፉን ለመስጠት አላመነታም። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ይህን ክብር» አለ፣ የአለቃ ድምፁ እየተመለሰ፣ «ጥንታዊው ቤት ለአለቃው እንደሰጠው ዕውቅና እቀበለዋለሁ።»

ዲሊያ ሰማይ ሰማይ አየች። አንድ ደቂቃ እንኳ ሰው ሆኖ መቆየት አልቻለም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ምሳው ድንችና የበግ ሥጋ ነው፣ ሥጋው ደርቋል። ዲሊያና ማላኪ ከኋላ በር አጠገብ ተቀመጡ። ኮንሌት ካባውን መልሶ ደርቦ መድረክ ላይ ወጣ። ደንቡ መሻሩን ተናገረ፤ እንደ ራሱ ቸርነት አድርጎ ነው የተናገረው። አረንጓዴ ሹራቦቹ ተቃቅፈው አለቀሱ። የኦሃዮው ሰው ወንበር ላይ ወጥቶ አጨበጨበ። ከዚያ ኮንሌት ስለ ንጹሕ ደም ጀመረ፤ ፌስተስን የዘራችን ምሰሶ አለው፣ ራሱን የምሰሶው ወንድም። በነጩ በትር አየሩን እየወጋ ቀጠለ፤ የሚያቆምም አይመስልም።

ማላኪ በክርኑ ጎሸም አደረጋት። «ይኸው ሞልቷል፣ ካባውንም ለብሷል» አለ። «ፌስተስ የነገረሽ ሰዓት ይኸው ነው። ተነሽ እንጂ።»

ዲሊያ መድረኩ ላይ ያለውን ሰውዬ አየችው። ግራ ትከሻው ከካባው ሥር ወረድ ብሏል። እንዲህ ያለ ጅል በዕድሜዋ አላየችም።

«ተወው ማላኪ» አለች፣ ድንቿን በሹካ እየፈረከሰች። «እኛው የወለድነው ነው።»